የሰውነት ቀመርና የመድን ቀመር፤ ከስትሮክ በኋላ ስለሚደረገው ተሐድሶ የቀረበ ዳሰሳ

ስትሮክ፣ ይኸውም የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የሰውን ግማሽ ጎን የሚያዝለው፣ አንደበቱን የሚያስረው፣ አንዳንድ ጊዜም ማስተዋሉን የሚያደበዝዘው ደዌ፣ በመጀመሪያው ቀን የደቂቃዎች ነገር ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተሰጠ ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ስለሚያልፍ፣ ሕክምናው በተደራጀበት አገር አምቡላንሱም ሐኪሙም የሚሠሩት በሩጫ ነው፤ ወጪውን ማን ይችላል የሚለውም ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን ይባላል። ሰውየው ከሞት ከተረፈ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሩጫው አብቅቶ የወራት፣ ከዚያም አልፎ የዓመታት ትዕግሥት ይጀምራል፤ ይህን ትዕግሥት የሚጠይቀው ሕክምና ተሐድሶ ይባላል፤ ወደ ጎን ተብሎ የነበረው የገንዘብ ጥያቄም ተመልሶ የሚመጣው በዚሁ በሁለተኛው ዘመን ነው።

ተሐድሶን በሩቅ ለሚሰማ ሰው መታሸትና መጽናናት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ወደ ተሐድሶ አዳራሽ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ግን የሚያየው ድካም የበዛበት ሥራ ነው። ሕመምተኛው በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል ይቆማል፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ከፊቱ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ የዛለው ጉልበቱ እንዳይከዳው ደግፋ፣ በሌላው እጇ ዳሌውን ወደ ፊት እየመራች፣ ያችን አንዲት እርምጃ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ታስደግመዋለች። በወዲያኛው ማዕዘን ያለችው ሴት ባዶ ሲኒ ከጠረጴዛ አንሥታ ከመደርደሪያ ለማድረስ ስትታገል ግንባሯ በላብ ይርሳል፤ በሩ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በማስተማር የኖረ ሰው የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለማውጣት ከንፈሩን እያሞጠሞጠ ይደክማል። የዚህ ሁሉ ሥራ ምሥጢሩ አንድ ነው፤ የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም፤ በሕይወት የቀረው ክፍል ግን በብዙ ድግግሞሽ የሟቹን ሥራ መማር ይችላል።

ትምህርቱም ጊዜ አለው። ሰውነት ይበልጥ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንደ ሆነ ሐኪሞች ከቀድሞ ጀምሮ ያስተዋሉት ነገር ነው፤ በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም (ዓመቶቹንና ወራቱን፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለደከመ ክንድ የሚጨመረው ልምምድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ከሁለተኛው ወር እስከ ሦስተኛው ድረስ መሆኑን አመልክቷል። ሆኖም በሩ በሦስተኛው ወር አይዘጋም። ደኅናውን እጅ አስሮ የደከመውን የማሠራት ሙከራ፣ ከስትሮኩ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለፋቸው 222 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2006 ሲታተም፣ ጥቅሙ ዓመት ሙሉ ጸንቶ መቆየቱ ተረጋገጠ፤ በ2011 የታተመውና 408 ሰዎችን የያዘው የመራመድ ጥናት ደግሞ ልምምዱን በሁለተኛው ወር የጀመሩትም እስከ ስድስተኛው ወር የቆዩትም በዓመቱ መጨረሻ ተቀራራቢ መሻሻል ማሳየታቸውን አስረዳ። ከመጠን ያለፈ ጥድፊያም ጉዳት አለበት፤ በ2015 የታተመ ሰፊ ሙከራ ሕመምተኛውን ገና በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች አብዝቶ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንዳከፋው ገልጿል።

እንግዲህ የሰውነት ቀመር ይህ ነው፤ ጥቂት ቀን ይታገሣል፣ ሦስት ወር ያህል ይፈጥናል፣ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ለዓመታት ይሄዳል። የመድን ሕግም የራሱ ቀመር አለው፤ እርሱ የሚቈጥረው የበጀትን ዓመት፣ የአልጋን ቀን፣ የጉብኝትን ብዛትና የሕክምናን ደቂቃ ነው። ስለ መድንና ስለ ስትሮክ ተሐድሶ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመድን ካርድ ያለውንና የሌለውን ለይቶ በመቍጠር ያበቃል፤ እኔ ግን የተለያዩ አገሮችን ሕግ ሳስተያይ ከካርዱ ይልቅ ዐቢይ ሆኖ ያገኘሁት ሕጉ ጊዜን የሚቈጥርበት መንገድ ነው፤ ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘው ከበሩ የቀሩ ብዙዎች ናቸውና።

ለዚህ ምርምር ከአሜሪካ የሰፋ መስክ አይገኝም። በዚያ አገር በየዓመቱ 795 ሺህ ያህል ጊዜ ስትሮክ ይደርሳል፤ ወጪውንም የሚችለው አንድ መድን ሳይሆን በየዘመኑ እየተደራረበ የመጣ የብዙ ሕግ ክምር ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 በትሩማን ቤተ መጻሕፍት ተገኝተው የፈረሙት ሜዲኬር በመጀመሪያ 65 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን የተሠራ ነበር፤ በ1972 ከዚያ ዕድሜ በታች ሆነው በአካል ጉዳት ከሥራ ለወጡት ደግሞ እንዲደርስ ተሻሻለ። ነገር ግን ማሻሻያው ቸርነቱን በጥበቃ አጥሮታል፤ በስትሮክ ምክንያት ሥራውን የተወ የ50 ዓመት ጐልማሳ የአካል ጉዳት አበሉ እስኪጀምርለት አምስት ሙሉ ወራት፣ አበሉ ከጀመረም በኋላ ሜዲኬር እስኪጸናለት ሌላ 24 ወራት ይጠብቃል፤ በድምሩ 29 ወር መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት የሚታሰበው መጻጉዕ 38 ዓመት የማቀቀው የፈውሱ ውኃ ርቆት ሳይሆን፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር፤ ይህም ጐልማሳ ሐኪም ቤቱን በየቀኑ እያየ፣ ከሁሉ የሚሻሉት ሦስት ወራት ዘጠኝ ጊዜ ያህል ተመላልሰው እስኪያልፉ ይቀመጣል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ክፍተት አላወቁትም ማለት ደግሞ አይቻልም። ሥራውን ያጣ ሰው የመሥሪያ ቤቱን መድን በራሱ ገንዘብ ይዞ እንዲቆይ የሚፈቅደው ሕግ ለአካል ጉዳተኛው ጊዜውን ከ18 ወር ወደ 29 ወር አራዝሞለታልና፤ በተጨመሩት 11 ወራት ግን ዋጋው ከሙሉው መዋጮ እስከ አንድ መቶ አምሳ በመቶ እንዲደርስ ፈቅዷል፤ ይህንንም የሚከፍለው ደመወዙ የተቋረጠ ሰው ነው።

ለድኾች የቆመው ሜዲኬይድ በበኩሉ ለዐዋቂዎች የሚሰጠውን ፊዚዮቴራፒ በየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ላይ ጥሎታል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ በግለሰቦችና በትንንሽ ድርጅቶች መድን ውስጥ ተሐድሶን ከዐሥሩ የግድ ከሚያስፈልጉ አገልግሎቶች አንዱ በማድረጉ ከ2014 ወዲህ ብዙ ሰው ተጠቅሟል፤ ልኩን ግን ለየክፍለ ግዛቱ መለኪያ ስለ ተወው፣ አንዱ በዓመት 20 ጉብኝት ሲፈቅድ ሌላው 60 ይፈቅዳል። ጉብኝቱን የሚቈጥረውም የበጀት ዓመቱ በመሆኑ በታኅሣሥ የታመመና በጥር የታመመ ሰው ዕድላቸው አንድ አይደለም።

የሜዲኬር ካርድ በእጁ ያለውም ቢሆን የሚገባበት በር አንድ አይደለም። ከፍተኛው በር የተሐድሶ ሆስፒታል ነው፤ በዚያ ሕመምተኛው በሳምንት አምስት ቀን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያህል መታከም የሚችል፣ ከዚህም የሚጠቀም መሆን ይገባዋል፤ ሐኪምም ዘወትር ይከታተለዋል። ሆስፒታሉ ራሱ በዚህ ስምና በዚህ ክፍያ ለመቆየት ከሕመምተኞቹ 60 በመቶዎቹ በሕግ ከተዘረዘሩት 13 ሕመሞች በአንዱ የታመሙ መሆን አለባቸው፤ ስትሮክ ከዝርዝሩ ውስጥ በመሆኑ ሕመምተኛው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሁለተኛው በር የነርሲንግ ሆሙ የማገገሚያ ክፍል ሲሆን ሕክምናው ያነሰ፣ ሐኪሙም የራቀ ነው። የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት በ2016 ባወጡት መመሪያ፣ ለሚችል ሕመምተኛ የመጀመሪያው በር እንዲመረጥ መክረዋል። ወደ ሁለተኛው በር ለመግባት እንኳ በሆስፒታል ሦስት ቀን በመደበኛነት ተኝቶ መታከም መንግሥት ራሱ በሚያስተዳድረው በልማዳዊው ሜዲኬር ግዴታ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ሦስት ሌሊት በአንድ አልጋ ላይ አድሮ፣ በመዝገቡ ላይ ግን «ለክትትል የቆየ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው፣ መብቱን አጥቶ ይወጣል። ከገባም በኋላ 20 ቀን ያለ ክፍያ፣ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ግን ተጨማሪ መድን ከሌለው በ2025 ተመን በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከኪሱ እየከፈለ ይቀመጣል። በ21ኛው ቀን ጧት ብዙ ሕሙማን ወደ ቤታቸው የሚሄዱት እግራቸው ስለ ጸና ብቻ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ሕጉ የሕመምተኛውን መግቢያ ብቻ አይደለም የሚወስነው፤ የፊዚዮቴራፒስቱንም እጅ ይመራል። ከ1998 ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ ሜዲኬር ለነርሲንግ ሆሞች ይከፍል የነበረው በሕክምና ደቂቃ ልክ ነበር፤ ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት ከ720 ደቂቃ ይጀምር ስለ ነበር፣ የብዙ ሕሙማን ሕክምና በሚያስደንቅ ትክክለኛነት 720ን ጥቂት አልፎ ይቆም ነበር። የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሊሸከመው የማይችለውን ልምምድ ሲሸከም፣ ሌላው ጨምሮ ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ደቂቃው ሞልቷል ተብሎ ወደ አልጋው ሲመለስ ይታይ ነበር። በጥቅምት 1 ቀን 2019 ሥርዓቱ ተለውጦ ክፍያው በሕመምተኛው ሁኔታ ላይ ሲመሠረት፣ ደቂቃው በብዙ ስፍራ ባንድ ጊዜ አሽቈለቈለ፤ ፊዚዮቴራፒስቶችም ከሥራ ተሰናበቱ። በመስከረም 30ና በጥቅምት 1 መካከል የማንም ሕመምተኛ ጉልበት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሒሳብ ቅጹ ነበር።

ከሆስፒታል ውጭ የሚሰጠው ሕክምና ታሪክም ከዚህ ያልተሻለ ነው። በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ ከ1999 ጀምሮ ለአንድ ሰው በዓመት 1,500 ዶላር ለፊዚዮቴራፒና ለንግግር ሕክምና በአንድነት፣ ሌላ 1,500 ዶላር ደግሞ የእጅንና የዕለት ተግባርን ለሚያለማምደው ሕክምና ለብቻው ወሰነ። መራመድና መናገር በአንድ ከረጢት የገቡት በሕጉ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስለ ጐደለች ነው ይባላል፤ ቅጂ ሲገለብጡ አንዲት ነጥብ ብታመልጣቸው መምህራቸው ብራናውን ያስፍቃቸው የነበሩ የእኛ ደብተራዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ጉዳቱም የወደቀው በስትሮክ ሕመምተኛ ላይ ነው፤ ወገቡ የተሰበረ ሰው ንግግር አይጠፋበትም፣ የጉሮሮ ሕመምተኛም ይራመዳል፤ ቀኝ ጎኑ የዛለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንደበቱም አብሮ ስለሚታሰር፣ ለእግሩ የከፈለው ከአፉ ይቀነስበታል። ምክር ቤቱ ይህን ገደብ አንዴ እያገደ፣ አንዴ ልዩ ፈቃድ እየጨመረ ሃያ ዓመት ያህል ካንገላታው በኋላ በየካቲት 2018 ፈጽሞ ሻረው፤ በምትኩም ወጪው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ በመዝገብ እንዲረጋገጥ አዘዘ።

ከገደቡ ይልቅ ረቂቅና አስቸጋሪ የነበረው ግን በየትኛውም የሕግ አንቀጽ ያልተጻፈ ልማድ ነው። የሜዲኬርን ጥያቄ የሚመረምሩ ሠራተኞች ሕመምተኛው ከሳምንት ወደ ሳምንት መሻሻል ካላሳየ ሕክምናው ይቁም ይሉ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱም ይህን እያወቀ በመዝገቡ ላይ «ትናንት 12 ሜትር፣ ዛሬ 15 ሜትር» እያለ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት 15 ሜትሩ 15 ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ «ከፍታው ላይ ደርሷል» ይባልና በሩ ይዘጋል። ከላይ እንዳየነው የሰውነት መንገድ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አይደለም፤ ይቆማል፣ ያንቀላፋል፣ እንደገና ይነሣል፤ ደግሞም የተገኘውን እንዳያጡ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው፤ ያልተለማመደ ክርን ተጣጥፎ ይደርቃልና። በቨርሞንት በ2011 የተጀመረው ክስ ይህን ልማድ ፍርድ ቤት አቀረበው፤ በጥር 2013 የጸደቀው ስምምነትም ሜዲኬር የሠለጠነ ባለሙያ እጅ እስካስፈለገ ድረስ ለማሻሻል ብቻ ሳይሆን ያለውን ለማጽናትና ውድቀቱን ለማዘግየትም እንደሚከፍል አረጋገጠ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ይህን ስምምነት ከማንኛውም የበጀት ጭማሪ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ዳሩ ግን ወረቀት ላይ የተሻረ ልማድ ከሠራተኛ ልብ እስኪወጣ ብዙ ይቆያል፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 መንግሥት ስምምነቱን በሚገባ ለሕዝብና ለሠራተኛ እንዲያስታውቅ ዳግመኛ ማዘዝ አስፈልጎት ነበር።

በዚህ መካከል ደግሞ ሌላ በር ጠባቂ መጣ። ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚያስተዳድረው ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው መንገድ ዛሬ ከባለ መብቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይዟል። የጥርስና የመነጽር ጥቅም ይጨምራል፣ ወርኃዊ መዋጮው ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ጤነኛው ሰው ይወደዋል፤ ወደ ተሐድሶ ሆስፒታል ለመግባት ግን አስቀድሞ የኩባንያውን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ተቈጣጣሪ በ2022 ባወጣው ምርመራ ከተከለከሉት የቅድመ ፈቃድ ጥያቄዎች 13 በመቶዎቹ የሜዲኬርን ደንብ ያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ በጥቅምት 2024 የወጣው የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ዘገባም ታላላቆቹ ሦስት ኩባንያዎች ከሆስፒታል በኋላ የሚደረገውን ሕክምና ከሌላው ሕክምና ይልቅ አብዝተው እንደሚከለክሉ አመልክቷል። ከ2024 ጀምሮ ኩባንያዎቹ የልማዳዊውን ሜዲኬር መመዘኛ እንዲከተሉ ታዘዋል።

ክልከላው ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሲደርስ ምን እንደሚመስል መግለጽ ይገባል። አገልግሎቱ ከመቆሙ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ወረቀት ወደ አልጋው ይመጣል፤ ሕመምተኛው ወይም ቤተ ሰቡ ተቀብሎ ይፈርማል፤ ይግባኝ ማለት የሚሻም ከማብቂያው ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ስልክ መደወል አለበት። ወረቀቱ በሐሙስ ከመጣ እንግዲህ አርብ እኩለ ቀን ሳያልፍ ነው። የሚፈርመው ሰው አንጎሉ የተመታ፣ ምናልባትም ማንበብ የጠፋበት ነው፤ ልጁ በሌሊት ፈረቃ አድሮ ተኝቶ ይሆናል። በቅድመ ፈቃድ ክልከላ ላይ ይግባኝ ከሚሉት ብዙዎቹ የሚያሸንፉ ሲሆን ይግባኝ የሚለው ግን ጥቂት ነው፤ ኩባንያ ሁሉ ይህን አስልቶ ያውቃል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ነገር የተለየ ጥያቄ አላቸው፤ እርሱም የእናትና የአባት ጥያቄ ነው። ልጅ ዜጋ ሆኖ እናቱን በግሪን ካርድ ሲያመጣት፣ እናቲቱ 65 ዓመት ቢሞላትም በአሜሪካ ዐሥር ዓመት ስላልሠራች ሜዲኬር በቀጥታ አይገባትም፤ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረች በኋላ በገንዘቧ ልትገዛው ትችላለች፤ የሆስፒታሉ ክፍል ብቻ በ2025 ተመን በወር 518 ዶላር ነበር። በ1996 የወጣው ሕግም አብዛኞቹን አዲስ ነዋሪዎች ከሜዲኬይድ ለአምስት ዓመት ያግዳል። በሁለተኛው ዓመት የደም ግፊቷ ድንገት የጣላትን እናት ድንገተኛ ክፍሉ ይቀበላታል፤ ሕይወቷንም ያድናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ግን ልጆቿ በተራ ከሥራ እየቀሩ፣ ከስልክ ላይ ያዩትን ልምምድ በሳሎን ምንጣፍ ላይ እያሠሩ ይወጡታል። ካርድ ያላትም ብትሆን፣ በአማርኛ ብቻ የምትናገር እናት ንግግሯን የምትማረው በአስተርጓሚ ነው፤ የሜዲኬር ክፍያ ለአስተርጓሚ የተለየ ዋጋ ስለማይቈርጥም ክሊኒኩ ወጪውን ከራሱ ይችላል፤ የማይችለው ክሊኒክ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ከአሜሪካ ወጥተን ጀርመንን ብናይ ነገሩ የሚለየው ገንዘቡ በመብዛቱ አይደለም፤ የዛሬውን ቍጠባ ያገኘው ክፍል የነገውንም ኪሣራ የሚሸከም በመሆኑ ነው። በቢስማርክ ዘመን በ1883 ከተጀመረው የጤና መድን አጠገብ የጡረታ መድን አለ፤ ሠራተኛ የነበረ ሰው በስትሮክ ሲመታ ተሐድሶውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ይኸው የጡረታ መድን ነው፤ ሰውየው ወደ ሥራው ካልተመለሰ ለቀሪ ዕድሜው የሚጦረው እርሱ ነውና። ጥያቄው የእኔ ድርሻ አይደለም የሚል መድንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚመለከተው ማስተላለፍ ይገባዋል፤ ሕመምተኛው ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። በአሜሪካ ግን ዛሬ ተሐድሶን የከለከለው ኩባንያ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የነርሲንግ ሆም ዕዳ የሚከፍለው እርሱ ላይሆን ይችላል፤ ዕዳው በሜዲኬይድ ላይ ይወድቃል። የልዩነቱ ሥር ይህ ይመስለኛል።

በእስራኤል ከ1995 ጀምሮ የጸናው የጤና መድን ሕግ ነዋሪውን ሁሉ ከአራቱ የጤና ድርጅቶች በአንዱ አስገብቶታል፤ ተሐድሶም ከግዴታቸው ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን «ጦፌስ 17» የሚሉት የክፍያ ዋስትና ወረቀት በእጅ ከገባ በራዓናና እንዳለው ሎወንስታይን ያለ ታላቅ የተሐድሶ ሆስፒታል ይከፈታል። ሕመምተኛው ተሐድሶ የሚችል ሳይሆን አስታማሚ ብቻ የሚያስፈልገው ነው ከተባለ ግን ነገሩ ከጤና ድርጅቱ ወጥቶ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ቤተ ሰቡ ኪስ ስለሚሻገር፣ ይህን የሚወስነው የሐኪም ምስክርነት የገንዘብ ምስክርነትም ሆኖ ይገኛል።

የሁሉን ሕዝብ መድን ከ1961 ጀምሮ ያጸናችው ጃፓን ደግሞ ከሁሉ የረዘመ ጊዜ የምትሰጥ ናት። በ2000 ያቋቋመችው የማገገሚያ ክፍል ለስትሮክ ሕመምተኛ እስከ 150 ቀን፣ የአንጎሉ ጉዳት የከበደ ከሆነ እስከ 180 ቀን አልጋ ይፈቅዳል፤ ሕክምናውም በቀን ሦስት ሰዓት ድረስ ይሰጣል፤ በአሜሪካ የተሐድሶ ሆስፒታል የሚቆየው ሕመምተኛ በአማካይ ሁለት ሳምንት ያህል መሆኑን ለሚያስታውስ ይህ ሌላ ዓለም ነው። እንዲህም ሆኖ መንግሥት በ2006 ወጪ ለመቀነስ የስትሮክ ተሐድሶ ከ180 ቀን በኋላ በመድን እንዳይሸፈን ሲወስን አገሩ ታወከ። የተቃውሞው መሪ የበሽታ መከላከያን ሳይንስ በማጥናት በዓለም የታወቀው ሊቅ ቶሚዮ ታዳ ነበር፤ እርሱም በ2001 በስትሮክ ተመትቶ ቀኝ ጎኑ ዝሎ፣ ድምፁም ጠፍቶ፣ በግራ እጁ ፊደል እየነካ ጽሑፉን ያሳትም ነበር። ከ400 ሺህ የሚበልጥ ፊርማ ተሰብስቦ ለመንግሥት ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ በከፊል ላላ፤ ታዳም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2010፣ ከመጻፍ አላቋረጠም። በዓለም ላይ ስለ መድን ቀን ቍጥር ሕዝብ ይህን ያህል የተነሣበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

ብሪታንያ ግን ለሐሳቤ እንቅፋት የምትሆን አገር ናት። የመንግሥት ጤና አገልግሎቷ ከተቋቋመበት ከ1948 ጀምሮ ካርድ የሚጠይቅ የለም፣ ፈቃድ የሚከለክል ኩባንያም የለም፤ በ2023 የታደሰው መመሪያ ቀድሞ 45 ደቂቃ የነበረውን የየሕክምናውን ልክ አሳድጎ በጠቅላላው በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲሰጥ ያዛል። ፊዚዮቴራፒስቱና የንግግር ሐኪሙ ጥቂት በመሆናቸው ግን ብዙው ሕመምተኛ ይህን ልክ አያገኝም። ሕግ ያልዘጋውን በር የባለሙያ ማነስ ይዘጋዋል፤ ይህም ወደ አገራችን ጉዳይ ይመልሰናል።

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ቤተ ሰቡን ሁሉ ያሳክማል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቤትን በሬ ከመሸጥ አድኗል። ስትሮክ የመታው አባት ግን ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ መታወቂያው የሚከፍትለት ጤና ጣቢያ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት የለም፤ ባለሙያው ያለው በከተማ በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ መድኑም የመኪናውን ኪራይና የአስታማሚውን ማደሪያ አይከፍልም። በሳምንት ሁለት ቀን ሽባ ሰው በቃሬዛ አውርዶ፣ አውቶቡስ አሳፍሮ፣ ለአርባ ደቂቃ ልምምድ አድርሶ መመለስ ለገበሬ ቤት የማይቻል ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ወጌሻ ይጠራል፣ ጸበል ይወስደዋል፤ በጸበሉ ማንም አይነቅፋቸው፣ የእግሩን ልምምድ የሚያሳያቸው ሰው ግን በዚያም አይገኝም።

እንግዲያውስ ቤተ ሰቡን ራሱን አሠልጥነን ባለሙያውን በእርሱ ብንተካውስ የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ርካሽም ነው፣ ለባህላችንም የቀረበ ይመስላል። ይህ በሕንድ አገር በ14 ሆስፒታሎችና በ1,250 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2017 ታትሟል፤ ቤተ ሰባቸው ሠልጥኖ ያለማመዳቸው ሕሙማን በስድስተኛው ወር ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ፍቅር የሠለጠነ እጅን አልተካም ማለት ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2023 ተሐድሶ በየአገሩ የጤና ሥርዓትና በመድኑ ሽፋን ውስጥ እንዲገባ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል፤ በአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ «ፊዚዮቴራፒ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ግን ቀለም ከማባከን አያልፍም፤ በየወረዳው ሆስፒታል ለአንድ ፊዚዮቴራፒስት ቋሚ መደብ የሚከፍትና ከስትሮክ በኋላ ላሉት ለመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የሕመምተኛውንና የአስታማሚውን የመጓጓዣ ዋጋ የሚችል አንቀጽ አብሮት ካልተጻፈ በቀር።